ሠራዊትና ቀለቡ፤ በአርጆና በነቀምቴ አገር የምድር ጦር እንዴት እንደ ተደራጀ

ስለ ጦር ሠራዊት ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ውጊያው ነው። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ንጉሡ የት እንደ ሰፈሩ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደ ቆመ፣ ስንት ሰው እንደ ወደቀና ስንት እንደ ተማረከ ይዘረዝራል። ነገር ግን አንድ ሠራዊት በዓመት ውስጥ የሚዋጋው ጥቂት ቀን ሲሆን የሚበላው ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ የአንድን አገር ሠራዊት ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ሰልፉን ከማየቱ አስቀድሞ ማጀቱን መመልከት ይገባዋል። ወታደሩ እንጀራውን ከማን እጅ እንደሚቀበል የታወቀ እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚያዝዘው፣ ለማን እንደሚታመን፣ ከገበሬውም ጋር እንዴት እንደሚኖር አብዛኛው አብሮ ይታወቃል።

ለዚህ ምርመራ ወለጋ፣ ከወለጋም የአርጆና የነቀምቴ አካባቢ የተመቸ ነው። አርጆ ከነቀምቴ በስተ ደቡብ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። ሕዝቡ ከማጫ ኦሮሞ ወገን ሲሆን አገሩ በጎሳው ስም ጅማ አርጆ ይባላል። ከደጋው ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ ንዳድ የበዛበትን የዴዴሳን ሸለቆ ያገኛል፤ ወንዙን ተሻግሮ የወጣም ወደ ኢሉባቦር ምድር ይደርሳል። በዚህ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ ጦር አይሻገርም፤ እህሉ ከመታጨዱ በፊትም ብዙ ሠራዊት የሚበላው አያገኝም። እንግዲህ የዘመቻውን ወራት አስቀድመው የሚወስኑት ዝናሙና አዝመራው ነበሩ።

በዚህ አካባቢ በጥቂት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አራት ዓይነት የጦር አደረጃጀት ተፈራርቋል። የመጀመሪያው የገዳ ጦር፣ ሁለተኛው የሞቲዎች ጦር፣ ሦስተኛው በነጋሪት የሚከተትና በገባር የሚተዳደር የንጉሠ ነገሥቱ ጦር፣ አራተኛው በደመወዝ የሚኖር መደበኛ ጦር ነው። ከዚህ በታች እነዚህ አራቱ በየተራ ይታያሉ።

፩/ ሠራዊት ማለት ምን ማለት ነው

መሣሪያ የያዘ ሕዝብ ሁሉ ሠራዊት አይባልም። ሠራዊት የሚባለው ለውጊያ የተመደበ፣ በሹማምንት የሚታዘዝና ተከፋፍሎ የተደራጀ የሰው ኅብረት ነው። የምድር ጦር የሚባለውም በየብስ ላይ የሚዋጋው ክፍል ሲሆን ከባሕር ኃይልና ከአየር ኃይል የሚለየው መሬትን ይዞ ለመቆየት በመቻሉ ነው። መርከብ ወደብን ይመታል፣ አውሮፕላንም ከተማን ያቃጥላል፤ አገሩን ይዞ የሚያድረው ግን እግረኛው ነው። ይዞ የሚያድር ሁሉ ደግሞ መብላት አለበትና የምድር ጦር ከሌሎቹ ይልቅ ከአገሬው ሕዝብ ኑሮ ጋር የተጣበቀ ነው።

የአማርኛ ቃላት ራሳቸው ይህን ያስረዳሉ። «ጦር» መሣሪያውንም ሠራዊቱንም በአንድነት ይጠራል። «ወታደር» የሚለውን ቃል ብዙዎች «ወጥቶ አደር» ከሚለው አነጋገር ጋር ያያይዙታል፤ ይኸውም ከቤቱ ርቆ በሰው አገር የሚያድር ማለት ነው። «ጨዋ» ዛሬ ግብረ ገብነት ያለውን ሰው የሚያመለክት ቢሆንም በመካከለኛው ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ የሚሰፍሩ የንጉሥ ጭፍሮች መጠሪያ ነበረ። «ጋሻ» ደግሞ የተዋጊው መከታ ሲሆን 40 ሄክታር ያህል የሚሆን የመሬት ልክ ስምም ነው። መከታውና መሬቱ በአንድ ስም መጠራታቸው የጦርና የርስት ጉዳይ ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ማንኛውም ሠራዊት በሦስት ጥያቄዎች ሊመረመር ይችላል። የሚዘምተው ማን ነው? የሚያዝዘው ማን ነው? የሚቀልበውስ ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በታሪክ መጻሕፍት ዘወትር የሚነሡ ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

፪/ የገዳ ጦር

መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኦሮሞ በጻፉት አጭር ድርሰት፣ የንጉሡ ወገኖች ቁጥራቸው ብዙ፣ መሣሪያቸውም ብዙ ሆኖ ሳለ ስለ ምን እንደሚሸነፉ ጠይቀዋል። የሰጡትም መልስ ዛሬ የማኅበራዊ ኑሮ ምርመራ የምንለውን የሚመስል ነው። ሕዝበ ክርስቲያኑን በዐሥር ክፍል ከፈሉት፤ መነኮሳቱን፣ ደብተራዎቹን፣ ገበሬዎቹን፣ ነጋዴዎቹን፣ እጀ ጥበበኞቹን፣ አዝማሪዎቹንና ሌሎቹን ቆጥረው ዘጠኙ ክፍሎች ወደ ጦር እንደማይወጡ፣ የሚዋጋው ዐሥረኛው ብቻ እንደ ሆነ አሳዩ። በኦሮሞ ዘንድ ግን ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም ጦር የተማረ ነው አሉ። የጸሐፊው ወገንተኝነት ግልጽ ቢሆንም ነጥቡ ትክክል ነው፤ ሁለት የተለያዩ የሠራዊት ዓይነቶች ፊት ለፊት ተገናኝተው ነበር። አንደኛው ሌላው እየቀለበው የሚዋጋ ክፍል ሲሆን ሁለተኛው ራሱን እየቀለበ የሚዋጋ ሕዝብ ነበረ።

የገዳ ሥርዓት ወንዶችን በዕድሜና በትውልድ ደረጃ ይመድባል። ስሞቹና ቅደም ተከተላቸው ከአገር አገር ቢለያዩም ፎሌ፣ ቆንዳላ፣ ራባ ዶሪ፣ ሉባ፣ ዩባ የሚባሉት ደረጃዎች የታወቁ ናቸው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ወገኖቹ አምስት ስለ ሆኑም ዙሩ በአርባ ዓመት ይፈጸማል። ልጁ ጦርነትን የሚማረው በልዩ የጦር ሰፈር ገብቶ አይደለም፤ ከእኩዮቹ ጋር ከብት ሲጠብቅ፣ አውሬ ሲያድን፣ ፈረስ ሲጋልብ ያድግና በዚያው ከእኩዮቹ ጋር ይዘምታል። በውጊያ መካከል አጠገቡ የሚቆመው አብሮት ያደገው ሰው ነው። ዛሬ የጦር ትምህርት ቤቶች በብዙ ድካም ሊፈጥሩት የሚሞክሩትን የጓደኝነት መተማመን ገዳ በልጅነት ይፈጥረው ነበር።

የዘመቻው መሪ አባ ዱላ ይባላል። በኦሮምኛ «ዱላ» ማለት ዘመቻ ነውና ስያሜው «የዘመቻ አባት» ማለት ነው፤ በአማርኛ በትር ከሚባለው ዱላ ጋር ሊምታታ አይገባም። አባ ዱላ የሚመረጠው ለዘመቻ ሲሆን የሰላሙ ሥልጣን በአባ ቦኩና በጨፌው ጉባኤ እጅ ነበረ። ዘማቹ ፈረሱን፣ ጦሩን፣ ጋሻውንና ስንቁን ከቤቱ ያመጣል። ከምርኮም ድርሻውን ያገኛል። ዘመቻው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ከብቱና ወደ እርሻው ይመለሳል፤ አባ ዱላውም እንዲሁ። በሰላም ጊዜ የሚቀለብ ጭፍራ ስለሌለው በሕዝቡ ላይ የሚያዘው ኃይል አልነበረውም።

ይህ አደረጃጀት ጉድለትም ነበረው። ከቤቱ ስንቁን የሚያመጣ ተዋጊ ስንቁ ሲያልቅ ወይም የእርሻ ወራት ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ረጅም ከበባ ማድረግ ወይም ሩቅ አገር ይዞ መቆየት አይሆንለትም። ፈጥኖ የሚመታና ፈጥኖ የሚበተን ጦር ነበረ።

፫/ አባ ዱላው ሞቲ በሆነ ጊዜ

በ19ኛው መቶ ዓመት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በማጫ አገሮች ይህ ሥርዓት መለወጥ ጀመረ። ከደቡብና ከምዕራብ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ ይዘው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በሌቃ በኩል አድርገው ወደ ጎጃም ገበያዎች ይሻገሩ ነበር። ገበያውንና የመንገዱን በር የያዘ ሰው ቀረጥ ይቀበላል፤ ቀረጥ የሚቀበል ሰው ደግሞ ከቤቱ ብዙ ሰው ሊያበላ ይችላል። ስምንት ዓመቱ ሲያልቅ ሥልጣኑን ማስረከብ የሚገባው አባ ዱላ በእጁ የሚበሉ ጭፍሮች ያሉት እንደ ሆነ ማንም ሊያስለቅቀው አይችልም። በብዙ የማጫ አገሮች ሞቲ፣ ማለት ንጉሥ፣ የተባሉት ገዢዎች በዚህ መንገድ ተነሡ።

በሌቃ ነቀምቴ የዚህ ዓይነት ቤት የመሠረቱት በከሬ ጎዳና ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሞረዳ በከሬ፣ ከሞረዳም በኋላ ኩምሣ ሞረዳ ገዙ፤ ኩምሣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ይባላሉ። በምዕራብም በሌቃ ቄለም የጆቴ ቱሉ ቤት ነበረ። በእነዚህ ገዢዎች ዘመን በየቀበሌው የሚሾሙት ቆሮዎች ግብር ይሰበስባሉ፣ ሰው ለዘመቻ ያስወጣሉ፤ በገዢው ግቢ ውስጥ ደግሞ ዘወትር ከእርሱ ማዕድ የሚበሉ ፈረሰኞችና ጠመንጃ ያዦች አሉ።

እንግዲህ የሚዘምተው ያው ሕዝብ፣ የሚጋልበውም ያው ፈረስ ሆኖ ሳለ የሠራዊቱ ጠባይ ተለወጠ። የገዳው ተዋጊ የሚታመነው ለእኩዮቹና ለጨፌው ነበር፤ የሞቲው ጭፍራ የሚታመነው ለሚያበላው ሰው ነው። ጠመንጃ ሲመጣ ለውጡ ጸና። ጦርና ጋሻ በአገሩ ባለ እጅ ይሠራ ነበር፤ ጠመንጃና ጥይት ግን በወርቅና በዝሆን ጥርስ ከሩቅ የሚገዙ ነበሩና መሣሪያው ከብዙዎች ቤት ወጥቶ ወደ ጥቂቶች ግምጃ ቤት ገባ።

፬/ የነጋሪት ጦር

ከዐባይ በስተ ደቡብ ያለውን የዚህን ሀብታም አገር ግብር የጎጃምም የሸዋም ገዢዎች ይመኙት ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ነግሠው ነበርና ሹማቸው ራስ ደረሶ በዚያው አካባቢ ግብር ያስገብር ነበር። በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ በኩል ደግሞ ራስ ጎበና ዳጬ ወደ ምዕራብ ዘመቱ። ሁለቱ ወገኖች በ1874 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በጉዱሩ ምድር እምባቦ ላይ ተዋጉ። በዚያ ቀን የራስ ጎበና የኦሮሞ ፈረሰኛ ለድሉ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከዚህ በኋላ ሞረዳ በከሬ ያለ ውጊያ ለምኒልክ ገቡ።

በእምባቦ የተዋጉት ሁለቱም ሠራዊቶች የተደራጁት በአንድ ዓይነት ነበር፤ የማዕርግ ስሞቹም ይህን ይናገራሉ። ፊታውራሪ ከፊት ቀድሞ መንገድ የሚመራና ጦሩን የሚከፍት ነው። ቀኝ አዝማች የቀኙን፣ ግራ አዝማች የግራውን ክንፍ ይይዛል። ደጃዝማች በንጉሡ ድንኳን ደጅ የሚሰለፈውን ጦር የሚያዝ ነው። ከኋላ ደጀን ይከተላል። በዚህ ሥርዓት የሰልፉ፣ የጉዞውና የሰፈሩ አቀማመጥ አንድ ነው፤ ሠራዊቱ ማታ ሲሰፍር እያንዳንዱ መኰንን ድንኳኑን የሚተክለው በጦርነት ቀን በሚቆምበት ወገን ነው። ስለዚህ በሌሊት እንኳ አደጋ ቢጣል ሁሉም ስፍራውን ያውቃል። ሺህ ድንኳን የሚተከልበትን ሰፈር ያለ ካርታና ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ ማደራጀት የተቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሠራዊት በውስጡ አንድ ወጥ አልነበረም። እያንዳንዱ መኰንን የራሱን ጭፍራ ይዞ ይመጣል፤ ጭፍራውም የሚያውቀው የራሱን ጌታ ነው። ጌታው የወደቀ ወይም የሸሸ እንደ ሆነ ጭፍራው ይበተናል። መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም መጠራታቸው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ መባላቸው፣ በውጊያ መካከል ተዋጊው የጌታውን ስም እየጠራ እንዲሰበሰብ ይረዳው ነበር። የፈረስ ስም ለዚህ ጦር እንደ ሰንደቅ ዓላማ ያገለግል ነበር ማለት ይቻላል።

ስንቁን በተመለከተ የነጋሪቱ ጦር ከገዳው ጦር ብዙ አልራቀም። ዘማቹ የጥቂት ሳምንት ስንቅ፣ ይኸውም በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይይዛል። ገንደበል የሚባሉት ባለ መሬቶች ድንኳንና ጓዝ በእንስሶቻቸው ይጭናሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ገንቦና ምጣድ ተሸክመው፣ እየፈጩና እየጋገሩ ይከተላሉ። የያዙት ስንቅ ካለቀ በኋላ ግን ሠራዊቱ የሚበላው የሰፈረበትን አገር ነው። የዓድዋ ዘመቻ ይህን በግልጥ ያሳያል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. በታወጀው ክተት የተሰበሰበው ሕዝብ 100,000 ያህል ነበር፤ በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምድር እንዲህ ያለ ሠራዊት የሚያሰልፍ መንግሥት ብርቅ ነበር። ነገር ግን በየካቲት ወር እህል እያለቀ ስለ ሄደ ምኒልክ ብዙ ሊቆዩ የማይችሉበት ደረጃ ተደርሶ ነበር። የኢጣልያ ጦር በየካቲት 23 ቀን ባይመጣ ኖሮ ያን ታላቅ ሠራዊት ከስፍራው ሊያስነሣው የሚችለው ራብ ነበር።

፭/ ነፍጠኛና ገባር

በዘመቻ ጊዜ አገር የሚበላ ሠራዊት በሰላም ጊዜም መኖሪያ ይሻል። የንጉሥ ግምጃ ቤት ለብዙ ሺህ ወታደር ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው የተከፈለው በመሬትና በሰው ጉልበት ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የዘመተው ባለ ነፍጥ በሰፈረበት አገር እንደ ማዕርጉ የተወሰነ የገባር ቁጥር ተሰጠው። መሬቱ በቃላድ እየተለካ ተከፋፈለ፤ ለአገሩ ባላባት ድርሻው ሲሶ ተባለ። ገባሩ ለወታደሩ እህል ያቀርባል፣ እርሻውን ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ወታደሩ ሲዘምት ጓዙን ይሸከማል። የገባሩ ሚስት ደግሞ ለሁለት ቤት ትፈጫለች። በወፍጮ ድንጋይ ላይ የሚያልፈውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይህ የመጨረሻው ቀላል ሸክም እንዳልሆነ ይረዳል።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ብቻ የተለየ አይደለም። በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ስፓሂ የሚባለው ፈረሰኛ ቲማር የሚባል የመንደር ገቢ ተሰጥቶት በለውጡ ይዘምት ነበር። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ባላባቱ መሬት የሚይዘው ስለ ውትድርና ነበር። ገንዘብ በጥቂቱ የሚዘዋወርበትና መንገድ የሌለበት መንግሥት ብዙ ወታደር ለማኖር የሚችለው ወታደሩን ወደ እህሉ በመውሰድ ነው፤ እህሉን ወደ ወታደሩ ለማምጣት መንገድና ግምጃ ቤት ያስፈልጋልና።

በወለጋ ነገሩ ሁለት መልክ ነበረው። የሌቃ ነቀምቴና የሌቃ ቄለም ገዢዎች ያለ ውጊያ ስለ ገቡ በውስጥ አስተዳደራቸው እንዲቆዩ ተፈቅዶ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብሩ ነበር። በሌሎቹ የማጫ አገሮች ግን ሹም ከነጭፍራው ሰፈረ። ልዩነቱ ለገበሬው ምን ያህል ነበር? በነቀምቴ የሚገብረው ለአገሩ ገዢ ሲሆን ግብሩ በቆሮው በኩል አልፎ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ ወታደር በሰፈረበት አገር ግን ግብሩን ተቀባይ ደጁ ላይ ይኖራል። ሸክሙ በሁለቱም ዘንድ ከባድ ነበር። ነገር ግን የሩቅ ግብር ልክና ወቅት አለው፤ ደጅ ላይ ያለ ተቀባይ ልክና ወቅት ለማክበር የሚገደድበት ነገር አልነበረውም። ምኒልክ ራሳቸው ይህን ተረድተው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወታደር በገበሬ ቤት መመራቱን ለመቀነስ ከእህል አንድ ዐሥረኛ፣ ይኸውም ዐሥራት፣ ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲገባ አዘዙ። ዐሥራቱ ገባ፤ የገባሩ አገልግሎት ግን በብዙ አገር አልቀረም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሠራዊቱ ራሱ ጉዳትም ነበረ። መሬት ይዞ በገባር የሚኖር ወታደር እያደር ባለ ርስት ይሆናል። ዘመቻ ይጠላል፣ ነፍጡ ይዝጋል፣ ልጁም ከጦርነት ይልቅ የድንበር ክርክር ይለምዳል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጢስ በመጣ ጊዜ አገሪቱ ያሰለፈችው ጦር አብዛኛው በዚህ አኳኋን የኖረ ነበረ፤ ጀግንነቱ ሳይጎድል ሥልጠናውና አደረጃጀቱ ጎድሎት ተሸነፈ።

፮/ መደበኛው ጦርና የነቀምቴ ወጣቶች

በደመወዝ የሚኖርና በአንድ ዓይነት ትምህርት የሠለጠነ ጦር አስፈላጊነት ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ግድም በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሥር የተጀመረው ጭፍራ በኋላ ክብር ዘበኛ ሆነ፤ ከ1922 ዓ.ም. በኋላም የቤልጅግ መኰንኖች አሠለጠኑት። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች መምህርነት ተከፈተ። ጊዜው አጭር ነበርና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ ደረሰባቸው።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደው በነቀምቴ ተሰበሰቡ። በዚያም ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋር ሆነው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አቃጥለው ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹን ገደሉ። ቀጥሎም በጎሬ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጋር ተባበሩ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ ዘንድ እጃቸውን ለመስጠት በተገደዱ ጊዜ የማኅበሩ ታሪክ በአብዛኛው ተፈጸመ።

ለዚህ ጽሑፍ ከቦናያው ጀብዱ የሚበልጠው የማኅበሩ ደንብ ነው። ዐሥር አንቀጽ ባለው በዚያ ደንብ ውስጥ የፖለቲካው ሥልጣን ከጦሩ ሥልጣን በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም በሰብአዊነት እንዲያዝ ተወስኖ ነበር። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ፣ ግምጃ ቤትና ደመወዝ የሌላቸው፣ የሚበሉትን ከገበሬ ከመቀበል በቀር ሌላ መንገድ ያልነበራቸው ነበሩ። ለዘመናት ወታደር ገበሬን መብላት እንደ መብት በተቆጠረበት አገር፣ እጅግ በተቸገሩበት ሰዓት ገበሬውን አንበድልም ብለው መጻፋቸው አዲስ አሳብ ነበረ። ደንቡን ምን ያህል ፈጸሙት የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሠራዊት ለሚቀልበው ሕዝብ ግዴታ አለበት የሚል ቃል በነቀምቴ ተጽፏል።

ከነፃነት በኋላ መደበኛው ጦር በእንግሊዝ የጦር ልዑካን ርዳታ እንደገና ተቋቋመ፤ ከ1945 ዓ.ም. በኋላም በአሜሪካ ርዳታ ታጠቀ። የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ገባሩ ለወታደርና ለሹም የሚሰጠውን አገልግሎት በሕግ አስቀርተው ግብሩ በገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረጉ። በሠራዊቱ ታሪክ ውስጥ እነዚህ የግብር ዐዋጆች ከብዙ የጦር ዐዋጆች ይልቅ ይከብዳሉ፤ ወታደሩን ከገበሬው ማጀት ያወጡት እነርሱ ናቸውና።

የዚህ ዓይነቱ የምድር ጦር አከፋፈል ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ከሁሉ የሚያንሰው ጓድ ሲሆን ዐሥር ያህል ሰው ይዞ በበታች ሹም ይታዘዛል። ሦስት ወይም አራት ጓድ አንድ «መቶ» ይሆናል፤ ስሙ መቶ ቢሆንም ቁጥሩ ሠላሳ ወይም አርባ ነው። ይህም አያስደንቅም፤ በሮማውያን ሠራዊት የመቶ አለቃ ያዝዘው የነበረው ጭፍራም ሰማንያ ያህል ነበር። ሦስት ያህል መቶዎች ከከባድ መሣሪያ ክፍል ጋር ሻምበል፣ ጥቂት ሻምበሎች ሻለቃ፣ ሻለቃዎች ብርጌድ፣ ብርጌዶች ክፍለ ጦር ይሆናሉ። ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች እያንዳንዳቸው 1,200 ያህል ሰው ነበራቸው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ምድር ጦር በአራት ክፍለ ጦር ተመድቦ ወደ 40,000 ይጠጋ ነበር።

ዐሥር አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚሉት ማዕርጎች በዐሥር እየተባዙ መሄዳቸው ጥንታዊ ነው፤ ጄንጊስ ካንም የሞንጎልን ፈረሰኛ በዐሥር፣ በመቶ፣ በሺህና በዐሥር ሺህ ከፍሎት ነበር። የዛሬው አደረጃጀት ግን በውስጡ የሚከተለው የሦስት ሥርዓት ነው። አንድ ሹም በተኩስ መካከል በሚገባ ሊያዝዝ የሚችለው ከሦስት እስከ አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለቱን ወደ ፊት አሰልፎ ሦስተኛውን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ፊታውራሪና ደጀን ይባሉ የነበሩት አሳቦች በዚህ ውስጥ በሌላ ስም ይኖራሉ።

የቀድሞው ጦር ጨርሶ ያልነበረው ነገር ግን አለ። እግረኛውን፣ መድፈኛውንና ታንከኛውን የሚረዱ የመሐንዲስ፣ የመገናኛ፣ የሕክምናና ከሁሉም በላይ የስንቅና ትጥቅ ክፍሎች አሉት። በዘመናዊ ሠራዊት ውስጥ ተኩስ የማይተኩሰው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ከንቱ ወጪ አድርጎ የሚቈጥር ይሳሳታል፤ በእነርሱ ምክንያት ነው ወታደሩ በሰፈረበት መንደር ጎተራ ሳይከፍት ሊያድር የሚችለው። ያች ገንቦ ተሸክማ ትከተል የነበረችው ሴትና ጓዝ ይሸከም የነበረው ገባር ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው የስንቅ ክፍል ነው።

፯/ ማጠቃለያ

ወታደሩ ከማጀት ወደ ግምጃ ቤት ቢዛወርም ጥያቄው አልተዘጋም፤ ስፍራውን ለወጠ እንጂ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው 4ኛ ብርጌድ ያመፀው በመጥፎ ምግብና በውሃ እጦት ነበር። አቤቱታቸውን ሊሰሙ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጓቸው። ከዚያ በኋላ በየጦር ሰፈሩ የተነሣው እንቅስቃሴ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱን አወረደ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የወጣው የመሬት ዐዋጅም ጋሻ መሬትን ከነባለቤቱ ሻረ። የደመወዝ ጦር ገበሬውን አይበላም፤ ነገር ግን ግምጃ ቤቱን የያዘው መንግሥት ያላበላው እንደ ሆነ መንግሥቱን ራሱን ሊውጥ እንደሚችል ያ ዓመት አሳየ።

በአርጆ ደጋ ላይ የሚኖር ገበሬ አያት ቅድመ አያቶቹ ከእነዚህ ሥርዓቶች ጋር በየጊዜው ተገናኝተዋል። በገዳው ዘመን ራሱ ተዋጊም ቀላቢም ነበር፤ ስለዚህ ስለ ጦርነቱ በጨፌው ላይ ቃል ነበረው። በሞቲዎቹና ከዚያም በገባር ዘመን ቀላቢ ሆኖ ቃሉን አጣ። በመደበኛው ጦር ዘመን ቀላቢነቱ በግብር ደረሰኝ ተለወጠ፤ ቀላቢ መሆኑ ግን አልቀረም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ87ኛው አንቀጽ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆንና ሠራዊቱ ለሕገ መንግሥቱ እንዲገዛ የደነገገው፣ የጥቁር አንበሳ ወጣቶች በነቀምቴ ከጻፉት የመጀመሪያ አሳብ ጋር የሚገናኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ መለኪያ ይገኛል። ሠራዊት በመሣሪያው ብዛትና በክፍለ ጦሩ ቁጥር ሊመዘን ይችላል፤ ለሚኖርበት ሕዝብ ግን የሚበልጠው መለኪያ፣ የሚቀልበው ሰው ስለ ሠራዊቱ ሥራ ለመጠየቅ ምን ያህል መብት አለው የሚለው ነው። ወለጋን ለሚያጠኑ ተማሪዎች ከጦር ሜዳዎቹ ይልቅ የግብር መዝገቦቹ፣ ከሹማምንቱ ዜና ይልቅ የገባር ቤተሰብ ትዝታ ገና ብዙ የሚሰጡት አላቸው።